ከምረቃ በፊት የሚገኝ ደመወዝ፦ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎቻችንና የመጀመሪያ ሥራቸው

የዚህ የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «ከሕክምና ተመራቂዎች በኩል አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ አምጪ» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የተለመደው ነገር ነበር፤ የአናቶሚ ክፍሉ ሽታ፣ የጥቁር አንበሳ ረጅም ኮሪደር፣ በተረኛነት ሌሊት የምንጠጣው የቀዘቀዘ ሻይ። ይህን ግን ሌሎች ጽፈውታል፣ ወደፊትም ይጽፉታል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ሐኪም የሆናችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ፦ የሥራ ጤና ምርመራ ቅጽ። ከላይ ፎቶ ይለጠፍባታል፤ የዓይን፣ የጆሮ፣ የደረት፣ የደምና የሽንት ውጤት ይሞላባታል፤ ከታች «ለሥራው ብቁ ነው/አይደለም» ትልና የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያርፍባታል። ለአብዛኛው ሰው የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ናት። ለአንዳንዱ ሰው ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ትሆናለች።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከተመረቅኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በክራንች እየተደገፈች ገባች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት የግራ እግሯ ቀጥኗል። ለሁለት ወር የክረምት ሥራ ተወዳድራ አልፋለች። የአንድ ጥናት መረጃ ክፍል ነው፤ ክፍያ አለው። የቀራት የጤና ማስረጃ ብቻ ነበር። ቅጹ ላይ «የመረጃ ሥራ» የሚል አየሁ። በእኔ ጭንቅላት የመረጃ ሥራ ማለት ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ ማስሞላት ነው። እግሯን አየሁ፣ ክራንቹን አየሁ፣ ጻፍኩ፦ «ረጅም ርቀት መጓዝ ስለማትችል ለሥራው ብቁ አይደለችም»። ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችውና ቀስ ብላ «ዶክተር፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መጠይቅ ማስገባት ነው። ደግሞ ከዶርም እስከ እዚህ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከኋላዋ ሃያ ያህል ሰው ተሰልፏል። «ቆይ፣ አስተካክልልሻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፈርኩ መሰለኝ፤ ወይም ቸኮልኩ። ልጅቱ ወጣች። ስሟን እንኳ አላስታውስም። እግሯን ግን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ይህ ራሱ ስለ እኔ ብዙ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ባለፉት ዓመታት ባገኘሁት ትርፍ ጊዜ አንድ ጥያቄ ስከታተል ቆየሁ። አካል ጉዳተኛ ተማሪ እየተከፈለው ሥራ እንዲለማመድ ማን፣ መቼ፣ ምን አስቦ ያውቃል? የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። የታሪክ ትምህርት ክፍል ወዳጆቼ ስህተቴን ያርሙኛል። ያገኘሁትን ግን ላካፍላችሁ።

ዩኒቨርሲቲያችን ቀድሞ የሚያውቀው ነገር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እኛ የወጣንበት የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ተቋቋመ። ያው ዓመት ሌላም ነገር ይዞ መጥቷል፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግላል። አብዛኞቹ አስተማሩ፤ ሌሎች በየሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠሩ። ለኑሯቸው ወርሃዊ አበል ይከፈላቸው ነበር። ታላላቆቻችን በየመገናኘት በዓሉ ላይ የሚያወሩት ጨዋታ ግማሹ ከዚያ ዓመት የመጣ ነው፤ የተከራዩት ቤት፣ የመጀመሪያዋ አበል፣ «ጋሼ» ብሎ የጠራቸው ከእነሱ በዕድሜ የሚበልጥ ተማሪ።

ልብ በሉ፤ ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲያችን ከ60 ዓመት በፊት አንድ ነገር ገብቶት ነበር ማለት ነው። ሥራ ከትምህርት በኋላ የሚመጣ ሽልማት ሳይሆን ራሱ የትምህርት አካል ነው፤ የሠራ ሰው ደግሞ ይከፈለዋል። የጎንደር የጤና ኮሌጅም በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በጤና ጣቢያ ውስጥ እያሠራ ነው ያሠለጠነው። እኛም የሕክምና ተማሪዎች ኢንተርን ስንሆን በወሩ መጨረሻ የምትሰጠን ነገር ነበረች። ትንሽ ናት። የመጀመሪያዋን ወስጄ ለእናቴ ነጠላ ገዛሁባት። ገንዘቡ ከጠፋ ቆይቷል፤ «ሠርቼ አገኘሁ» የሚለው ስሜት ግን አልጠፋም። ሐኪም መሆኔን ያመንኩት ከፈተናው ይልቅ በዚያች ክፍያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ከአብዮቱ ጋር ቀረ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የዚያን ዘመን ታሪክ የኖሩት ቢጽፉት ይሻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሥራና ክፍያ የትምህርት አካል ናቸው ያልነው ለማን ነው?

ሕጎቹ ሲናገሩ

በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ተመሠረተ። በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የሰጠውን ትርጉም ተመልከቱ። አካል ጉዳተኛ ማለት በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት መተዳደሪያውን ማግኘት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው ነው፤ በዕድሜው ለጋነት ወይም በእርጅና ምክንያት ራሱን መቻል ያልቻለም እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። በሌላ አነጋገር ጉዳተኛነት በሕግ የተተረጎመው እንጀራ አለማግኘት ተብሎ ነው። እንግዲህ በዚህ ትርጉም የሚሠራ አካል ጉዳተኛ የሚባል ሰው የለም። ከሠራ አካል ጉዳተኛ አይደለም፤ አካል ጉዳተኛ ከሆነ አይሠራም። እኔ በ1998 ዓ.ም. የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ከዚህ ትርጉም በምን ይለያል?

ለፍትሕ ያህል፣ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የያዙም ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከማከም አልፎ የእጅ ሥራ እያስተማረ ያሠራ ነበር። ከመካከላችን እዚያ ለልምምድ የተላከ ሰው ጥልፉን ያስታውሳል፤ ጣቶቻቸው በበሽታው የታጠፉ ሴቶች የሠሩት ነው። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትም በብሬል ያስተማራቸውን ልጆች እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አድርሷል። ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለዓይነ ስውር ጓደኛው ጮክ ብሎ የሚያነብ ተማሪ፣ በካሴት የተቀዳ ሌክቸር፣ የብሬል መጻፊያው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ። በዚህ መንገድ ተምረው የወጡ ጠበቆች፣ መምህራን፣ ዳኞች ብዙ ናቸው። የዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ምሩቅ የሆኑትና ማየት የተሳናቸው የትነበርሽ ንጉሤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ ለሚጠራው ዓለም አቀፍ ሽልማት መብቃታቸው ይታወሳል።

ይህ ሁሉ ግን ትምህርቱን ነው የሚመለከተው። ስለ ሥራ በግልጽ የተነገረው በአዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ መደቦች እንዲኖሩ አሰበ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ግዴታ ገባ። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 መጣና የፊተኛውን ሻረ። የሻረበት ምክንያት በመግቢያው ተጽፏል። አሮጌው ሕግ አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት አይችልም የሚል ምስል ፈጥሯል ይላል። ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንድ አገር በራሱ ሕግ ላይ «ሰው አሳንሻለሁ» ብሎ ሲጽፍ በየቀኑ አይታይም።

አዲሱ አዋጅ ትልልቅ ነገሮች አሉት። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በስተቀር ችሎታው ያለው አካል ጉዳተኛ ተወዳድሮ ክፍት የሥራ መደብ የመያዝ፣ ሥልጠናም የመካፈል መብት አለው። አሠሪው ደግሞ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት። አድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተቀበለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ብዙ ሰው የማያነባት መስመር አለች። አካል ጉዳተኞች በክፍት የሥራ ገበያ ውስጥ የሥራ ልምድ እንዲያገኙ መንግሥታት ያበረታቱ ትላለች። ልምድ! ቅጥር ብቻ አይደለም።

ለምን ይህ ቃል ያስፈልጋል? የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ተመራቂ ያውቀዋል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ከተገኘ ወረፋው መንገድ ያቋርጣል። ሌላው ሁሉ «2 ዓመት ልምድ» ይላል። ጉዳት የሌለበት ተማሪ ይህን ክፍተት በብዙ ነገር ይሞላዋል። ክረምት ላይ መጠይቅ ይሰበስባል፣ የአጎቱ ሱቅ ይቆማል፣ ልጆች ያስጠናል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። አካል ጉዳተኛው እነዚህ ትንንሽ በሮች ሲዘጉበት አዋጁ ወደሚጠብቀው ትልቁ በር የሚደርሰው ባዶ እጁን ነው። «ያለ ክፍያ ይለማመድ» የሚሉ አሉ። ኧረ እንዴት ሆኖ! በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ሚኒባስ አይጭነውም፤ ኮንትራት ታክሲ ይይዛል። ዓይነ ስውሩ መሪ ይፈልጋል፣ ለመሪው ምሳ ይከፍላል። ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ ለእሱ ነፃ አይደለም፤ ከኪሱ እየከፈለ ነው የሚሠራው።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ሕግም ይህን አልነካውም። የ2001 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 በአንቀጽ 40 ስለ ሕንፃ፣ ስለ መማሪያ መሣሪያ፣ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ስለ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ተናገረ። ጥሩ ነው። የተናገረው ግን ግቢው ውስጥ ስላለው ሕይወት ነበር። ተማሪው ከበሩ ወጥቶ የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪቀበል ያለው መንገድ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ቀረ።

ከባሕር ማዶ አንድ ፋይል

እዚህ ላይ አንድ የውጭ ታሪክ ልጨምር፤ የእኔን ወረቀት ስለሚመስል ነው። ኤድ ሮበርትስ የሚባል የካሊፎርኒያ ልጅ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ሌሊት የሚተነፍሰው በመሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የትምህርቱን ወጪ እንዲሸፍንለት የግዛቱን የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ጉዳቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሥራ መሥራት አይችልም ተብሎ እርዳታው ተከለከለ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ተፈቀደለት። እሱና ጓደኞቹ ያስጀመሩት ትግል በ1970 የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም የሚባል ቢሮ ወለደ፤ ዊልቸር ይጠግናል፣ ረዳት ያገናኛል፣ ቤት ያፈላልጋል፤ የሚሠሩበትም ራሳቸው አካል ጉዳተኞቹ ናቸው። በ1975 የግዛቱ አስተዳዳሪ የዚያው የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር አድርጎ ሮበርትስን ሾመው። «ሥራ አይችልም» የተባለው ሰው ከ13 ዓመት በኋላ እንዲያ ብሎ የፈረደበትን መሥሪያ ቤት መራ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ትሰሙ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአሜሪካ የሠራተኛና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች አካል ጉዳተኛ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለፌደራል መሥሪያ ቤቶች የሚያገናኝ ፕሮግራም ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች ተማሪዎቹን ያነጋግራሉ፣ ስማቸው በአንድ መዝገብ ይገባል፣ መሥሪያ ቤቶች ከዚያ መርጠው ለክረምት በደመወዝ ይቀጥራሉ። ለእኔ ትምህርት የሆነኝ የወጪው አያያዝ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ ለዚሁ ተብሎ ከተቋቋመ ማዕከላዊ ፕሮግራም ሊቀርብ ይችል ነበር። ስለዚህ ቀጣሪው ኃላፊ «ይህ ልጅ ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ አይሰላም፤ «ምን ይችላል?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

የእኛ ሁለት ክረምቶች

ወሬ ብቻ እንዳይሆን የሞከርነውን ልንገራችሁ። ከኮቪድ በኋላ የባቻችን ልጆች ስንገናኝ ያቺን የ1998 ወረቀት ታሪክ ተናገርኩ። ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ «እኔም ጽፌያለሁ» አለ። ሌላዋም «እኔም»። ለካስ ብቻዬን አልነበርኩም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን የአንድ ተማሪ የሁለት ወር ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪ አጠራቀምን። ለአንድ የመንግሥት ተቋም አቅርበን ነበር፤ ሰዎቹ ቀና ቢሆኑም «ለዚህ የበጀት ርዕስ የለንም» ተባልን። መጨረሻ ላይ የባቻችን ልጅ የሆነ ሐኪም በግል ክሊኒኩ ተቀበለን።

የመጀመሪያው ተቀጣሪ ማየት የተሳነው የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ነው። ሥራው ከቀጠሯቸው የቀሩ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ጋር መደወል፣ ለምን እንደቀሩ መጠየቅ፣ አዲስ ቀጠሮ ማስያዝ። የመጀመሪያው ሳምንት ውጥንቅጥ ነበር። መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማያ ገጽ አንባቢ ፕሮግራም ደግሞ የአማርኛ ፊደል ሲደርስበት ይደናገራል። መፍትሔውን ያመጣችው ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ጠዋት ጠዋት ስሙንና ስልኩን በሞባይል እየቀዳች ትሰጠዋለች፤ እሱ እያዳመጠ ይደውላል፣ የሕሙማኑን መልስ በድምፅ ቀድቶ ይመልሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ ፈጀ፣ ብር አልጠየቀም።

እኛ የማናውቀውን ደግሞ ነገረን። አንዳንዶቹ የቀሩት መድኃኒት አልቆባቸው «ይቆጡኛል» ብለው ፈርተው ነው። አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዷን ማንበብ ስለማትችል ቀኑ አልፏት ነበር። ለሐኪም የማይነገር ነገር ለስልክ ድምፅ ይነገራል። ልጁ መቀመጫውን አጠገባችን አድርጎ ማታ ማታ ይህን ሲያወራን ለማን ነው የጠቀምነው ብዬ እጠይቅ ነበር። በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ፈርሞ ሲቀበል «ቆጥራችሁ አሳዩኝ» አለ፤ ብሩን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ቆጠረው። ከክሊኒኩ የወጣው የሥራ ልምድ ወረቀት ላይ የሠራው ሥራ በዝርዝር ተጽፏል። እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ በፕላስቲክ ይዞት ይዞር ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ግን አልሆነልንም፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። መስማት የተሳናት የፋርማሲ ተማሪ ቀጠርን። ደመወዟን አዘጋጀን፣ ትራንስፖርቷን አዘጋጀን፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍያ ግን አላሰብንም። «በጽሑፍ እንግባባለን» አልን። የሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ መጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ስትቆጥር ዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አመሰግናለሁ የሚል ማስታወሻ ጽፋ ሄደች። እንደገና ያየኋት ያቺን የ1998 ተማሪ መሰለኝ። ክፍያ አዘጋጅቶ ንግግር መንሳት ምን ይባላል? የሚያሳዝነው ደግሞ አስተርጓሚ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። የእነሱም ተማሪዎች ልምምድ ይፈልጋሉ። ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ መቅጠር ይቻል ነበር፤ አላሰብነውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የአገራችን የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ናቸው አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን በዓለም ደረጃ 15 በመቶ ያህል ገምተዋል። ልዩነቱ በከፊል የሚመጣው ከጥያቄው ነው፤ «ቤትህ ውስጥ ጉዳተኛ አለ?» ስትለው የሚደብቅ ሰው «ለማየት፣ ለመራመድ የሚቸገር አለ?» ስትለው ይመልሳል። የእኔ ቅጽም የተሳሳተ ጥያቄ ነበር የጠየቀው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ዓ.ም. ያወጣው አመዳደብ ጉዳትን ከሰውየው አካል ብቻ ሳይሆን ከአካባቢውም ጋር አያይዞ እንድንመለከት ሲነግረን እኔ ተማሪ ነበርኩ። ከሐኪም ጠረጴዛ እስኪደርስ ስንት ዓመት ፈጀ!

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ሐኪም የሆናችሁ፦ ቅጹ ላይ «ብቁ አይደለም» ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያም «ይህ ይህ ቢሟላለት ይሠራል» ብላችሁ ጻፉ። የሐኪም ማኅተም ያረፈበት እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር አዋጅ 568ን ለአሠሪው የሚያስታውስ ወረቀት ይሆናል። የቀድሞ ተማሪዎች፦ እያንዳንዱ ባች በዓመት አንድ የክረምት ቦታ ከነደመወዙ ያዘጋጅ። አንድ ብቻ። ከደመወዙ ጎን የትራንስፖርት፣ የረዳት ወይም የአስተርጓሚ ክፍያ ከመጀመሪያው ይቆጠር፤ ይህን በራሳችን ስህተት ነው የተማርነው። መምህራን፦ ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ስትመድቡ አካል ጉዳተኛውን «እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ይቆይ» ብላችሁ አትተዉት። ይራራሉ፣ አውቃለሁ። ያ ርኅራኄ ግን የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቀው ማስታወቂያ ፊት ራቁቱን ያቆመዋል።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ በነበረበት ሳምንት አንድ ወጣት ቅጹን ይዞ መጣ። የቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጥ የሦስት ወር የክፍያ ልምምድ አግኝቷል። የደረቱን ራጅ አየሁ፣ ደሙን አየሁ፣ እጁን አየሁ። ብዕሬን አስቀምጬ «ሥራው ምንድን ነው?» አልኩት።

ግር አለው። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ማስረዳት ጀመረ። ረጅም ነበር። ውጭ ሰልፍ አለ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ አየችኝ። ጨርስ አላልኩትም።

ያቺ የ1998 ክረምት ተማሪ፣ ዛሬ በአርባዎቹ መግቢያ ላይ ትሆናለች። ከእኛው ግቢ ነው የተመረቀችው ብዬ አስባለሁ፤ ይህ መጽሐፍም እጇ ይገባ ይሆናል። እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር። መልሱን ለመስጠት ይህን ያህል ዓመት በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። በዘንድሮው በዓላችን ላይ ከመጣሽ የሕክምና ተመራቂዎች ጠረጴዛ አጠገብ እገኛለሁ።